አዲስ እትም ሲወጣ፤ የፕሮግራም ቋንቋ መምሪያ ሰነድ አዘገጃጀትና ወገዳ ያለው አንባቢ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንድ የፕሮግራም ቋንቋ በአዲስ እትም በሚወጣበት ጊዜ በመጀመሪያ የሚወራው ስለ ፍጥነቱና ስለተጨመሩለት ችሎታዎች ነው። አብሮት ስለሚወጣው የመምሪያ ሰነድ የሚያነሣ እምብዛም የለም። ይሁን እንጂ ቋንቋውን ከሠሩት ሰዎች ርቆ ለሚገኝ ተጠቃሚ ቋንቋውና ሰነዱ አንድ ናቸው። በሰነዱ ያልተጻፈው ነገር ለእሱ እንደሌለ ይቆጠራል፤ በስሕተት የተጻፈውም እንደ እውነት ይወሰዳል።

ይህ ጉዳይ በአዲስ አበባና በወገዳ እኩል አይከብድም። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው አጠገቡ ያለውን የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል። በደቡብ ጎንደር፣ በስማዳ ወረዳ ዋና ከተማ በወገዳ ሆኖ የሚማር ወጣት ግን የሚጠይቀውን ሰው በቅርብ ላያገኝ ይችላል። በሰነዱ እንደተጻፈው አድርጎ ኮምፒዩተሩ እምቢ ሲለው፣ ጥፋቱን በሰነዱ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ይጥላል፤ ሙያው ለእሱ እንዳልተፈጠረ ቆጥሮ እስከ መተውም ይደርሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች መንግሥት ጋራ በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኮዲንግ ለማሠልጠን የተነሣ እንደመሆኑ መጠን፣ የሰነድ ነገር የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል።

በዚህ ንግግር እንደ ምሳሌ የሚወሰደው ፓይተን የተባለው ቋንቋ ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም የተባለው ሆላንዳዊ በ1989 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሥራውን ጀምሮ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣው ይህ ቋንቋ፣ የሰነዱ አዘገጃጀት ሥርዐት በይፋ የተጻፈና ማንም ሊመረምረው የሚችል በመሆኑ ለትምህርት ይመቻል።

ሰነድ የሚባለው ምን ምን ነው?

የፓይተን ሰነድ አንድ መጽሐፍ አይደለም። ለጀማሪ የተዘጋጀ ማስተማሪያ አለው፤ የቋንቋውን ሕግ የሚደነግግ ክፍል አለው፤ ከቋንቋው ጋራ የሚታደሉትን ሞጁሎች አንድ በአንድ የሚያብራራ የላይብረሪ ክፍል አለው፤ እንዲሁም በእያንዳንዱ እትም ምን እንደተለወጠ የሚዘረዝር "ምን አዲስ ነገር አለ" የሚባል ክፍል አለው። ይህ የመጨረሻው ክፍል ከ2.0 እትም፣ ማለትም ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደ ሲሆን፣ ለ2ኛው ተከታታይ እትሞች በአብዛኛው ያዘጋጀው አንድሩ ኩችሊንግ ነው።

እነዚህ ክፍሎች አንባቢያቸው የተለያየ ነው። ቋንቋውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው "ምን አዲስ ነገር አለ" የሚለውን ብቻ አንብቦ ሥራውን ይቀጥላል። ጀማሪው ግን ያንን ክፍል አይከፍተውም፤ አሮጌውን ስለማያውቅ አዲሱ ምን እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ስለሆነም አዘጋጆች ለውጡን በዜና ክፍሉ ጽፈው ማስተማሪያውን እንደነበረ ቢተዉት፣ የሚጎዳው ይበልጥ ረዳት የሚያስፈልገው አንባቢ ነው። አንድ ለውጥ በሰነዱ ውስጥ ስንት ቦታ እንደሚነካ አስቀድሞ መቁጠር የዝግጅቱ የመጀመሪያ ተግባር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰነድ ውል መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። በ3.6 እትም (2016 እ.ኤ.አ.) ፓይተን በመዝገበ ቃላት መልክ የሚይዛቸውን መረጃዎች በገቡበት ቅደም ተከተል ማቆየት ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ሰነዱ ይህ የአሠራር አጋጣሚ እንጂ የሚታመኑበት ነገር እንዳልሆነ ያስጠነቅቅ ነበር። በ3.7 እትም (2018 እ.ኤ.አ.) ቅደም ተከተሉ የቋንቋው ሕግ ሆኖ ተጻፈ። የማሽኑ ጠባይ በሁለቱም እትሞች አንድ ነው፤ የተለወጠው የሰነዱ ቃል ነው። በዚያ ቃል ምክንያት ትናንት አጋጣሚ የነበረው ዛሬ ግዴታ ሆነ።

የጋይንት ልምድ

ከወገዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በጋይንት፣ ቤተልሔም የምትባለው የድጓ ማስመስከሪያ ትገኛለች። ድጓ በትውፊት ለስድስተኛው መቶ ዓመት ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ የሚሰጥ የዜማ ድርሰት ነው። ዜማው ለብዙ መቶ ዓመታት ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲተላለፍ ከቆየ በኋላ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉት ሊቃውንት በፊደሉ ላይ የሚጻፈውን ምልክት እንደሠሩለት በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። ምልክቱ ቃሉን አልለወጠም፤ ቃሉ እንዴት እንደሚዜም ግን በጽሑፍ አስቀመጠ።

የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ሲከታተል መጽሐፉን ራሱ ይጽፋል። በሌላ አገር የተማረም ቢሆን ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፤ የጻፈውና ያጠናው በዚያ ከሚታወቀው ጋራ ተስተያይቶ ሲጸና መምህር ለመሆን ይበቃል። ከዚህ ልማድ ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ ቅጂ በበዛ ቁጥር የሚመሳከሩበት አንድ የጸና ቦታ የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ምልክቱ ከቃሉ ተለይቶ በሌላ ጥራዝ ሳይሆን በቃሉ ላይ፣ አንባቢው በሚፈልገው ቦታ መቀመጡ ነው።

የፓይተን ሰነድ አዘጋጆችም በራሳቸው መንገድ ወደዚሁ ደርሰዋል። ከእያንዳንዱ ፋንክሽን ማብራሪያ ሥር "በዚህ እትም ተጨመረ"፣ "በዚህ እትም ተለወጠ"፣ "ሊቀር ነው" የሚሉ አጫጭር ማስታወሻዎች ከእትሙ ቁጥር ጋራ ይቀመጣሉ። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው አንባቢ የአዲሱን እትም ሰነድ ቢያነብ እንኳ የትኛው ነገር በእጁ እንደሌለ ከነዚህ ማስታወሻዎች ይረዳል። ስለዚህ የእትም ቁጥር የሌለው ማስታወሻ ግማሽ ማስታወሻ ነው።

ከግንቦት እስከ ጥቅምት

በ2019 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ውሳኔ መሠረት ፓይተን ከ3.9 እትም (2020 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየዓመቱ፣ በአውሮፓውያን ጥቅምት ወር፣ አዲስ እትም ያወጣል። አልፋ የሚባሉት የሙከራ እትሞች ካለፉ በኋላ፣ በግንቦት የመጀመሪያው ቤታ ሲወጣ አዲስ ችሎታ መጨመር ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሌሎች ቤታዎችና ዕጩ እትሞች ይከተላሉ። በእኛ አገር አነጋገር፣ ክረምቱ በሙሉ የማጣራት ጊዜ ነው ማለት ይቻላል።

ለሰነድ አዘጋጅ ይህ ጊዜ ውድ ነው። ከግንቦት በፊት የሚጻፈው ሁሉ ተለዋዋጭ ነገር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዳግመኛ መጻፉ አይቀርም፤ ከጥቅምት በኋላ የሚታረመው ደግሞ ብዙ ሰው ካነበበው በኋላ የሚታረም ነው። ሆኖም ሥራው ሁሉ ለክረምቱ ቢተው አይዳረስም። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚለውጠው ሰው ለውጡን ሲያቀርብ አጭር የዜና ማስታወሻ አብሮ እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ማስታወሻው በየብቻው ፋይል ይቀመጥና በእትሙ መውጫ ጊዜ ከሌሎች ጋራ ይጠረዛል። ምክንያቱም ለውጡን ከስድስት ወር በኋላ የሚያስታውሰው የለም፤ የሠራው ሰው እንኳ ይረሳዋል።

የመሣሪያው ነገርም ቀላል አይደለም። የፓይተን ሰነድ ቀድሞ ይጻፍ የነበረው ላቴክ በሚባለው፣ ለማተሚያ ቤት ሥራ በሚመቸው ሥርዐት ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ጌኦርግ ብራንድል ሰነዱን በሙሉ በተራ ጽሑፍ መልክ ወደሚጻፍ ቀላል ሥርዐት አዛወረው፤ ለዚሁም ስፊንክስ የተባለውን መሣሪያ ሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. ለሌሎችም አወጣው። ከዚያ ወዲህ አንዲት ስሕተት ያገኘ ሰው አስቸጋሪ የኅትመት ትእዛዝ ሳይማር አርሞ ለመላክ ቻለ። የአራሚዎችን ቁጥር የሚያበዛው በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም፤ የመሣሪያው ቀላልነትም ነው።

የሚጮኽ ለውጥና ዝም ያለ ለውጥ

በአዲስ እትም የሚመጡ ለውጦች ሁሉ እኩል አያሰጉም። በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3.0 ከቀድሞው ጋራ በብዙ ነገር የማይስማማ እትም ነበር። ከነዚህም ለውጦች ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል።

የመጀመሪያው በማያ ገጽ ላይ ለማሳየት የሚያገለግለው "ፕሪንት" የሚባለው ትእዛዝ ነው። በ2ኛው ተከታታይ ያለ ቅንፍ ይጻፍ ነበር፤ በ3ኛው ቅንፍ ግዴታ ሆነ። አሮጌ መጽሐፍ ይዞ በአዲሱ እትም የሚሠራ ተማሪ በመጀመሪያው መስመር ላይ ስሕተት ይገጥመዋል። የኋላ እትሞች ቅንፍ እንደጎደለ በስሕተቱ መልእክት ውስጥ ጭምር ይነግሩታል። ይህ የሚጮኽ ለውጥ ነው፤ ያስቸግራል እንጂ አያታልልም።

ሁለተኛው ማካፈል ነው። በ2ኛው ተከታታይ 7 ለ 2 ሲካፈል ውጤቱ 3 ነበር፤ በ3ኛው 3.5 ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ ምንም አይናገርም። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ መልስም ይሰጣል፤ መልሱ ግን ሌላ ነው። አንድ የሱቅ ወይም የእህል ሂሳብ የሚሠራ ሰው ልዩነቱን የሚያውቀው ገንዘቡ ሳይገጥም ሲቀር ነው። ይህ ዝም ያለ ለውጥ ነው። በሰነድ ዝግጅት መጀመሪያ ሊጻፉ የሚገባቸው እንዲህ ያሉት ናቸው፤ የሚጮኹትን ማሽኑ ራሱ ይነግራልና።

ስለሚወገዱ ነገሮችም ሥርዐት ያስፈልጋል። በፓይተን 3.13 (2024 እ.ኤ.አ.) ዘመን ያለፈባቸው 19 ሞጁሎች ተወግደዋል። ይህ ሐሳብ የቀረበው በ2019 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሞጁሎቹን ለሚጠቀም ሰው ማስጠንቀቂያ መታየት የጀመረው ከ3.11 እትም (2022 እ.ኤ.አ.) ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ የስንብት ጊዜ ነው። ሰነዱ በዚህ ጊዜ "ይህ ይቀራል" ማለቱ አይበቃውም፤ "በምትኩ ይህን ተጠቀሙ" ማለት ይኖርበታል። ምትክ ሳይጠቁሙ ማስወገድ ድልድይ አፍርሶ መልካውን እንዳለማሳየት ይቆጠራል።

ምሳሌው ይፈተን

አንባቢ ከማብራሪያው ይልቅ ምሳሌውን ያምናል፤ ቀድሞ የሚገለብጠውም ምሳሌውን ነው። በመሆኑም በሰነድ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ያረጀ ምሳሌ ነው። ለዚህ ቲም ፒተርስ የሠራውና ከ2.1 እትም (2001 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፓይተን ጋራ የሚታደለው "ዶክቴስት" የተባለ ሞጁል መድኃኒት ነው። ሞጁሉ በሰነዱ ውስጥ የተጻፉትን ምሳሌዎች እየለቀመ በማሽኑ ላይ ያስኬዳል፤ የተገኘውን ውጤትም በሰነዱ ከተጻፈው ጋራ ያስተያያል፤ ሳይገጥም ሲቀር ያሳውቃል። ሰነዱ በየእትሙ እንዲህ እየተፈተነ ቢወጣ፣ ወገዳ ያለው ተማሪ የሚገለብጠው ምሳሌ ቢያንስ አንድ ጊዜ በአዲሱ እትም ላይ ሠርቶ የታየ ይሆናል።

ይሁንና መሣሪያው ምሳሌው ትክክል መሆኑን እንጂ ማብራሪያው እውነት መሆኑን አይመሰክርም። ያንን ማንበብ የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ሰነዱና የኢትዮጵያ ፊደል

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ የገባው በ3.0 እትሙ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ተጨማሪ ፊደላት በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. እትሞች ገብተዋል። ፓይተንም ከ3.0 እትም ጀምሮ የተለዋዋጭ ስሞች በላቲን ፊደል ብቻ መጻፋቸውን አስቀርቷል። አንድ ተማሪ "ዋጋ" ብሎ ስም ቢያወጣ ማሽኑ ይቀበለዋል።

ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሚነሡት ጥያቄዎች ብዙ ናቸው፤ ሰነዱም ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በግልጽ አይመልሳቸውም። ለመጥቀስ ያህል፦ "፩" ዲጂት ነውን ተብሎ ፓይተን ሲጠየቅ አዎን ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጠው ሲባል ግን ስሕተት ያወጣል። "፲" ደግሞ ዲጂት አይደለም ይባላል፤ ቁጥርነት ያለው ነውን ሲባል ግን አዎን ይላል። "ቤት፩" የሚል ስም ይቀበላል፤ "ቤት፲" የሚለውን አይቀበልም። "ሀገር" እና "ሐገር" በአንባቢ ጆሮ አንድ ሲሆኑ ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሁለት ነጥብ (፡) ቃልን ከቃል የሚለይ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ዐረፍተ ነገሩን በቃላት እንዲከፍልለት ቢያዝ፣ ማሽኑ ነጥቡን እንደ ክፍተት ስለማይቆጥረው ጽሑፉን ሳይከፍል ይመልስለታል።

ለነዚህ ሁሉ ምክንያት አላቸው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ለዐሥር፣ ለሃያ፣ እስከ ዘጠና፣ ለመቶና ለእልፍም የየራሱ ምልክት አለው፤ ስለዚህ በቦታ ዋጋ እየተቀጠለ ከሚሄደው የዐሥር ቤት ቁጥር ጋራ አይቆጠርም። የፓይተን ሰነድ እንዲህ ያሉ አኃዞችን ሲጠቅስ ለብዙ እትሞች እንደ ምሳሌ የሰጠው ካሮሽቲ የተባለውን የጥንት የሕንድ ሰሜን ምዕራብ ጽሕፈት ነው። ካሮሽቲ አገልግሎቱን ካቆመ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የግዕዝ አኃዝ ግን ዛሬም በቀን መቁጠሪያና በመጽሐፍ ገጽ ላይ ይታያል። ይህ የተደረገው በክፋት አይደለም፤ በዝግጅቱ ጊዜ የሚያሳስብ አንባቢ ባለመኖሩ ነው። አዲስ እትም የሚዘጋጅበት ወቅት ደግሞ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ለማስገባት የሚመች ጊዜ ነው።

ትርጉምና እትም

በ2017 እ.ኤ.አ. የፓይተን ሰነድ ወደ ሌሎች ቋንቋዎች የሚተረጎምበትና ከዋናው ጋራ በአንድ ቦታ የሚወጣበት ሥርዐት ተደነገገ። የጃፓንኛና የፈረንሳይኛ ተርጓሚዎች በዚህ ቀዳሚዎች ናቸው። የሥርዐቱ ጥበብ እንዲህ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ በአንቀጽ በአንቀጽ ተከፋፍሎ ከእያንዳንዱ ጎን ትርጉሙ ይቀመጣል። ዋናው አንቀጽ በአዲሱ እትም ሲለወጥ የቀድሞው ትርጉም አጠራጣሪ የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ተርጓሚ መርምሮ እስኪያጸናው ድረስም ለአንባቢ የሚታየው እንግሊዝኛው ይሆናል።

ይህ ለአማርኛም ትልቅ ትምህርት ነው። ትርጉም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሐውልት አይደለም። ከዋናው እትም ጋራ የማይራመድ ትርጉም ካለመኖሩ ይልቅ ሊጎዳ ይችላል፤ አንባቢው በገዛ ቋንቋው የተጻፈውን ይበልጥ ያምናልና። ስለዚህ ሰነዱን በሙሉ ለመተርጎም ተነሥቶ በመንገድ ከመቅረት፣ ማስተማሪያውን ብቻ ተርጉሞ በየዓመቱ ማደስ ይሻላል።

የስያሜም ጉዳይ አለ። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለብዙ ሙያዎች መሠረት ጥሏል። ሆኖም በፕሮግራም ሥራ ዛሬ የሚነገሩ ብዙ ቃላት ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። አንዱ ተርጓሚ "ፋንክሽን"፣ ሌላው "ተግባር" ቢል ሁለቱም ያስኬዳል፤ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅለው ቢገኙ ግን ተማሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። ማሽኑ "ሀገር" እና "ሐገር"ን እንደሚለየው ሁሉ ተማሪውም የቃላቱን ልዩነት በቁም ነገር ይወስዳል። ስለሆነም ከትርጉሙ በፊት የቃላቱ ዝርዝርና የፊደል አጻጻፉ መወሰን ይኖርበታል።

መስመር በሌለበት

ሰነድ በመረብ ላይ ብቻ ከተቀመጠ አንባቢው ሁልጊዜ መስመር አለው ተብሎ ታስቧል ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ ይህ ግምት የማያዋጣ መሆኑን አሳይቷል። በዚያ ጊዜ አንድ ተማሪ የሚጠቀምበት ሰነድ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ቀድሞ የገባው ብቻ ነበር።

ፓይተን ለዚህ መልስ አለው። ካ-ፒንግ ዪ የሠራው "ፓይዶክ" የተባለ ሞጁል ከ2.1 እትም ጀምሮ አብሮ የሚታደል ሲሆን፣ በእጅ ያለውን እትም ማብራሪያ ያለ መስመር ያሳያል። ከራሱ ከተጫነው ፕሮግራም ውስጥ የሚያነብ በመሆኑም ሰነዱና እትሙ ሊለያዩ አይችሉም። ከዚህም ሌላ ሙሉው ሰነድ ለየእትሙ ተጠቅልሎ የሚወርድበት መንገድ አለ፤ በአንዲት ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር ወደ ወገዳ ሊወሰድ ይችላል። የሚያስፈልገው በፍላሹ ላይ የእትሙን ቁጥር መጻፍ ነው።

ክቡራን፤

ከላይ ከተዘረዘረው ለባለሙያው የሚወጡት ተግባራት ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው፣ በየዓመቱ በክረምት፣ ዕጩ እትሞች በሚወጡበት ጊዜ፣ ሰነዱን በኢትዮጵያዊ አንባቢ ዓይን አንብቦ ግድፈቱን ለአዘጋጆቹ መላክ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ግዕዝ አኃዝ፣ ስለ ሁለት ነጥብና ስለ ሞክሼ ፊደላት የሚናገሩ የተፈተኑ ምሳሌዎች ማዘጋጀት ነው። ሦስተኛው፣ የአማርኛ ቃላት ዝርዝር ተስማምቶ መወሰን ነው። አራተኛው፣ ማስተማሪያውን ተርጉሞ ከእትሙ ጋራ በየዓመቱ ማደስ ነው። አምስተኛው፣ ይህ ሁሉ ያለ መስመር በሚነበብ መልክ ለትምህርት ቤቶች እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ከነዚህ ውስጥ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት በየዓመቱ የማይቋረጥ ትዕግሥት ነው። አንድ እትም ለአምስት ዓመት ያህል እርማት ሲያገኝ ይቆያል፤ ዛሬ በወገዳ ፓይተንን የሚጀምር ተማሪም በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ተመርቆ ሥራ ሊይዝ፣ ወይም ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሙያ ሊፈልግ ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን በከፊል የሚወሰነው በሚያነበው ገጽ ላይ ባለው አንድ መስመር ትክክለኛነት ነው። ያችን መስመር እትሙ ሳይወጣ ማረም የሰነድ አዘጋጁ ሥራ ነው።